ከአቃቂ በሰቃ የሚነሡ የእግር መንገዶች

አቃቂ በሰቃ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ዝቅ እያለ ወደ አዋሽ ተፋሰስ በሚሰፋበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የዋና ከተማይቱ አካል ሆና በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሥር ትተዳደራለች። በሜዳው ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው ሁለት ተራሮች ጎልተው ይታያሉ፤ በስተ ምሥራቅ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የረር፣ በስተ ደቡብ ደግሞ 2,989 ሜትር የሚደርሰው ዝቋላ። ሁለቱም በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተገነቡ ተራሮች ናቸው፤ ከብዙ ርቀት የሚታዩ በመሆናቸውም ካርታና የመንገድ ምልክት ባልነበረበት ዘመን በዚህ ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ አቅጣጫውን የሚለየው በእነርሱ ነበር። በእነዚህ ተራሮች፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች፣ በአዋሽና በእንጦጦ መካከል የተዘረጋው አገር ለዘመናት በእግርና በበቅሎ ሲታለፍ የኖረ ነው፤ ዛሬ ግን አቃቂ ሲነሣ የሚታሰበው ፋብሪካው፣ የከባድ መኪናው ሰልፍና የባቡር ሐዲዱ ነው እንጂ የእግር መንገዱ አይደለም። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐዲድና አስፋልት ውል፣ በጀትና የምረቃ ቀን ስላላቸው መዝገብ ውስጥ ይገባሉ፣ እግረኛ የረገጠው ዱካ ግን መሥራቹም ሆነ የተሠራበት ዓመት ስለማይታወቅ በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ሆኖም የዚህ አካባቢ የእግር መንገድ በጽሑፍ ጨርሶ አልተዘገበም ማለት አይቻልም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ከእርሱም ብዙ ሳይርቅ በራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ተመልክታለች። መነኩሴው ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም፤ ስለ አገሪቱ ያወቀውን ያገኘው ከኢትዮጵያውያን ካህናት እንደሆነ፣ እነርሱም አውራጃዎቹንና ከተሞቹን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ከዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ ቬኒሳዊ በእግራቸው ኢየሩሳሌም ደርሰው ወደ ጣሊያን የዘለቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ፣ ከየት ተነሥተው በየት እንዳለፉና ከአንዱ ስፍራ እስከ ሌላው ስንት ቀን እንደተጓዙ መዝግቧል። በእነዚህ የጉዞ ዝርዝሮች ውስጥ በራራ ደጋግማ ትነሣለች። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሐርትዊግ ብሬተርኒትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በራራን በየረር፣ በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል ባለው አገር ውስጥ ፈልገዋል፤ ትክክለኛ ስፍራዋ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም የአቃቂ ሜዳ በዚሁ ክልል ውስጥ ወይም በደጃፉ መሆኑ አያጠያይቅም። እንግዲህ ከዚህ አካባቢ የሚነሡት የእግር መንገዶች በጽሑፍ የታወቁት መድረሻቸው ኢየሩሳሌም ሆኖ ነው፤ የጻፋቸውም የተራመደባቸው ሰው ሳይሆን ቬኒስ ተቀምጦ የሰማ ሰው ነው።

የዞርዚን ዝርዝሮች አሰናድቶ ያቀረባቸው እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮውፎርድ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው እርሱ ካረፈ በኋላ ነው። ይህ ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ሹም ሆኖ ተቀጥሮ፣ በአገሩ ገጠር የሮማውያንን መንገድ፣ የጥንት መቃብርና የፈረሰ ምሽግ በካርታ ላይ እንዲሰፍር ለዓመታት የደከመ ነበር። የእንግሊዝ የገጠር መንደር ነዋሪ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ በእርሻ መካከል ወደ ጥንታዊ ምሽግ የሚወስደውን የእግር መንገድ ካርታ ላይ የሚያገኘው በከፊል በእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም ነው፤ በከፊል ደግሞ በሕግ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤት በግዛቱ ያለውን የሕዝብ የእግር መንገድ ሁሉ አጥንቶ በካርታ እንዲመዘግብ ግዴታ የጣለ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በዚያ ካርታ ላይ የሰፈረ መንገድ ለመኖሩ ካርታው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል፤ ባለ እርሻውም እንደ ፈቃዱ ሊያርሰው ወይም ሊያጥረው አይችልም። በኢትዮጵያ ግን የእግር መንገድ የኖረው በልማድ ነው። ገበሬው ማሳውን ሲያርስ ዱካውን ይገለብጠዋል፣ መንገደኛው በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይረግጠዋል፣ ማንም ማንንም አይከስም። ይህ ልማድ ሁለቱም ወገኖች ገጠሬ እስከሆኑ ድረስ ከማንኛውም ሕግ ያላነሰ ሠርቷል፤ መሬቱ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘንና ለመኖሪያ ሰፈር ሲሰጥና አጥር ሲታጠር ግን የሚከራከርለት መዝገብ አልነበረውም።

በራራ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ጠፋች። ዐፄ ልብነ ድንግል ድል የሆኑበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በ1521 ዓ.ም. የተካሄደው በሞጆ አቅራቢያ እንደሆነ ይነገራል፤ ይህም ከአቃቂ በምሥራቅ በኩል የሁለት ቀን የእግር መንገድ ያህል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሜዳው የሰፈነው የቱለማ ኦሮሞ ሕዝብ ሲሆን፣ ዛሬ የእግረኛው ምልክት የሆኑት የአካባቢው ስሞች፣ ዱከም፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እንዶዴ፣ ከዚህ ሕዝብ ጋር የኖሩ ናቸው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የሚከበረው ኢሬቻ፣ ማለት ክረምቱ አልፎ ብራው ስለመጣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በውሃ ዳር የሚቀርበው የምስጋና ሥርዓት፣ ሰው ከየአቅጣጫው በዚሁ ሜዳ ላይ ወደ አንድ ስፍራ እንዲጎርፍ ከሚያደርጉት ጥንታዊ ምክንያቶች አንዱ ነው።

በሜዳው ላይ መንገድ የሚመርጠው ሰው ብቻ ሳይሆን አፈሩም ነው። የአቃቂና የአድአ ሜዳ አፈር በአብዛኛው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ይህ አፈር ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ በደንብ ሲያበቅል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጭነት የያዘ አጋሰስ በጭቃው ውስጥ ጉልበቱ ድረስ እየሰመጠ ይቸገራል፤ አቃቂ ወንዝም ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ ይዞ ሲሞላ መሻገሪያው ተዘግቶ መንገደኛ ከማዶና ከወዲህ ያድራል። ሲራራ ነጋዴ፣ ማለት ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሸቀጥ በአህያና በበቅሎ ጭኖ የሚሄደው ባለ ረጅም መንገድ ነጋዴ፣ ጉዞውን ከኅዳር በኋላ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነበር። መንገዱም አንድ አልነበረም፤ በበጋ ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፈው ቀጥተኛው ዱካ በክረምት ይተውና ድንጋያማውን ኮረብታ እየተከተለ የሚዞረው ይያዛል። በገበያ ቀን የሚሄድበት፣ ከብት ወደ ውሃ የሚነዳበት፣ ታቦት የሚወርድበት እየተባለ እያንዳንዱ ዱካ የራሱ ጊዜና የራሱ ባለቤት ነበረው።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የለወጠው ሐዲዱ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሸፍኑ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት የባቡር ፈቃድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በኩባንያው የገንዘብ ችግርና በአውሮፓ መንግሥታት ፉክክር ምክንያት ለዓመታት ቆሞ፣ እንደገና ተንቀሳቅሶ በ1915 እ.ኤ.አ. ከዋና ከተማይቱ 23 ኪሎ ሜትር ላይ ከምትገኘው አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (1917 እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው የብረት መንገድ የሚያበቃው አቃቂ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭነት በእንስሳና በሰው ጫንቃ እየሄደ ወደ ከተማ ይገባ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት በጥቂት ቃላት የሚታለፈው ይህ ጊዜ ለአቃቂ ትልቁ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ በነገሡበት በዚያ የብጥብጥ ወቅት የጅቡቲው ሐዲድ ጫፍ እዚህ ነበረና። ባቡሩ መጀመሪያ ላይ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ3 ቀን ይደርስ ነበር፤ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የቅፍለት ጉዞም ከዚያ ወዲህ ለዚህ መስመር አስፈላጊነቱ ቀነሰ። ቅፍለት ማለት ነጋዴዎች ሽፍታንና አውሬን በመፍራት አንድ ላይ ሆነው የሚጓዙበት ሥርዓት ነው። የእግር መንገዱ ግን በሐዲዱ አልጠፋም፤ አቅጣጫውን ቀየረ። ቀድሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቀና የነበረው መንገደኛ አሁን ከየገጠሩ ወደ ጣቢያው መጉረፍ ጀመረ፤ ዱካዎቹም ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል ተሳቡ።

ከሐዲዱ ጋር ሌሎች ሕንጻዎች ተከተሉ። የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦርነቱ ደመና በከበደበት ሰዓት ለውጭው ዓለም ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነው። ጣሊያኖች ባቆሙት ማሠራጫ የጣሊያንን ወረራ ለዓለም ማሳወቁ የታሪክ ምፀት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጅቡቲ የወሰደው ባቡርም ያለፈው በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነው።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት ሲሆን፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገነባና በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ተብሎ የሚታወቅ ነው። ኃይሉ ዛሬ ከሚሠሩት ግድቦች አንጻር እዚህ ግባ የማይባል፣ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለእግረኛ ግን የአባ ሳሙኤል ዋጋ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በውሃው ዳር ነው። ሐይቁና በዙሪያው ያለው ረግረግ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ የውሃ ወፎች የሚያርፉበት በመሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከታወቁት የአእዋፍ መኖሪያዎች አንዱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአቃቂ ተነሥቶ የወንዙን ዳር እየተከተለ ወደ ግድቡ የሚወርድ ሰው በአንድ የቀን ጉዞ የአትክልት መስኖን፣ የጤፍ አውድማን፣ የወረራ ዘመን ግንብንና የተሰደዱ ወፎችን ያገኛል። ክፉው ነገር ወንዙ የአዲስ አበባን ፍሳሽና የፋብሪካን ተረፈ ምርት ይዞ የሚወርድ መሆኑ ነው፤ ሐይቁ በደለል እየሞላ ከመሄዱም በላይ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ፊቱን ይሸፍነዋል። በዚሁ አካባቢ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች አዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የምትቀዳ መሆኗን ላሰበ ሰው ነገሩ የበለጠ ያሳስባል።

የሕንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ባለ አክሲዮኖች ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂን የሠራተኛ ከተማ አደረጋት። ፋብሪካው በደርግ ዘመን የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ በአካባቢው ሌሎች ፋብሪካዎችም እየተተከሉ የገጠሩ ዱካ የሠራተኛ መንገድ ሆነ። ይህ የታሪክ ክፍል በሌሎች ጸሐፊዎች በስፋት የተተረከ ስለሆነ እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም።

የእግር መንገድ እንደ ራሱ ሆኖ፣ ማለትም መሄዱ ራሱ ዓላማ ሆኖ፣ የኖረው በዝቋላ ነው። ዝቋላ ከአቃቂ በቀጥታ መስመር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በተራራው ጫፍ የሰፈረው ሐይቅና በዙሪያው ያለው የጽድ ደን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይዞታ ነው። ገድላቸው፣ ማለትም የቅዱሱ ሕይወትና ተጋድሎ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ከግብፅ መጥተው በዝቋላ እንደኖሩ፣ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር እንደተጎራበቱ፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለማግኘትም በሐይቁ ውስጥ ራሳቸውን ቁልቁል አድርገው 100 ዓመት እንደጸለዩ ይናገራል። ሕዝቡ በቁልምጫ «አቦ» ይላቸዋል። ተራራው ለአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብም የተከበረ ስፍራ ነው፤ ሁለቱ ክብሮች ለብዙ ዘመን አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ በአንድ ሐይቅ ዳር ኖረዋል።

የዝቋላ ዋና ዋና በዓላት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጥቅምት 5፣ ሌላው መጋቢት 5 ቀን። ሁለቱ ቀኖች በእግር ለሚሄድ ሰው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያህል ናቸው። የጥቅምቱ ከክረምቱ ማግስት ስለሆነ መረሬው ገና አልደረቀም፣ ጤፉ በማሳው ቆሟል፣ ምንጮቹ ሞልተዋል፤ መንገደኛው ውሃ አያጣም፣ ጭቃና ገና ያልታጨደ አዝመራ ግን ወደ ዳር ዳር ይገፋዋል። የመጋቢቱ ደግሞ ሜዳው ታጭዶና ተሰንጥቆ፣ አቧራው እየጨሰ ባለበት ወቅት ሲሆን፣ ማሳው ባዶ ስለሆነ በፈለጉት በኩል ቀጥ ብሎ መሄድ ይቻላል፤ በአንጻሩ ውሃ ይጠፋል፣ ፀሐዩም ይበረታል። መጋቢት 5 ምንጊዜም በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የመንገደኛው ስንቅ፣ ማለትም ለጉዞ የሚያዘው ምግብ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ እነዚህ ምግቦች እሳት አይፈልጉም፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ጾምም አያስፈቱም። የረጅም መንገድን ስንቅ የወሰነው ጾሙ ነው ወይስ ጉዞው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ምናልባት ሁለቱም ተጋግዘው ይሆናል።

ተሳላሚው የሚሄደው ስለት ኖሮበት፣ ማለትም ልመናው ቢሰማለት ሊያደርገው ለቅዱሱ የገባው ቃል ስላለ፣ ወይም ጸበል ፈልጎ፣ አለዚያም ወዳጅ ዘመድ ስለሄደ ነው። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የሚሄድም ጥቂት አይደለም። በመንገድ ላይ ከመሸበት «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ በደጃፍ ሲጣራ ባለቤቱ ማሳደር ግዴታው እንደሆነ ይቆጠር ነበር፤ እግሩን አጥቦ፣ ካለው አብልቶና መደብ አንጥፎ ማሳደር የመንገዱ አካል ነበር። በእንግሊዝ ገጠር የእግረኛው መብት የሚቆመው በካርታና በሕግ ከሆነ፣ በአቃቂና በአድአ ሜዳ የቆመው በዚህ ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በሕግ የተጠበቀ መንገድ የሚሄድበት ሰው ባይኖርም ይኖራል፤ በእንግድነት የተጠበቀ መንገድ ግን ተቀባዩ ቤት ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል።

በተራራው ላይ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአድዋ ተማርኮ በኢትዮጵያ በቀረውና በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥራ በተሳተፈው በጣሊያናዊው ሰባስቲያኖ ካስታኛ ንድፍ እንደተሠራ ይነገራል። ግንቡ በዘመኑ አዲስ ቢሆንም ቦታው ቀድሞ በገዳምነት የታወቀ ነው፤ ፍራ ማውሮ ስሙን የጻፈው ግንቡ ከመቆሙ ከ4 መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነውና።

ከወረራው ዘመን ጀምሮ የተዘረጋው፣ በኋላም በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን የያዘው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ተሳላሚውን ከአቃቂ ሜዳ ወደ ቢሾፍቱ አስፋልት አዞረው። ከቢሾፍቱ በተራራው ግርጌ ወዳለችው ወንበር ማርያም የሚወስደው መንገድ መኪና የሚያስገባ ሲሆን፣ ዛሬ በበዓሉ ሰሞን አብዛኛው ሰው እስከዚያ በመኪና ይደርሳል፤ በእግር የሚሄደው የመጨረሻዋን ዳገት ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከአቃቂ ጀምሮ የሚራመደው ጥቂት ሰው የሚከተለውም የድሮውን ዱካ ሳይሆን የአስፋልቱን ጠርዝ ነው፤ ይህም ከአስፋልቱ ፍጥነት ጋር የማይስማማ፣ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነው።

ያለፉት አሥርት ዓመታት ግንባታ በሜዳው ላይ ተጨማሪ መስመሮችን ደርቧል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ በአቃቂ በኩል አገልግሎቱ ቆመ፤ በ2006 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ወገን ታጥሮ ይሄዳል፤ መስከረም 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር ቃሊቲ ደረሰ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ ሐዲድ ተመርቆ እንዶዴ ላይ ጣቢያ ከፈተ። የፍጥነት መንገዱ አጥር ለእግረኛ ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ነው፤ ሰውና ከብት በመንገዱ ስር በተሠሩት መተላለፊያዎች ብቻ እንዲሻገር ስለሚያስገድድ፣ ከየረር በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ዱካ ሁሉ አሁን ወደ እነዚያ ጥቂት ቀዳዳዎች ይሰበሰባል፤ በመተላለፊያዎቹ አፍ ላይም አዳዲስ ዱካዎች ተረግጠው ይታያሉ።

በአንጻሩ የተተወው የድሮ ሐዲድ ያልታሰበ አገልግሎት አግኝቷል። የሐዲዱ መደብ ጠጠር የለበሰና ከሜዳው ከፍ ያለ ስለሆነ በክረምት መረሬው ሲጨቀይ ደረቅ መሄጃ ይሆናል፤ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው ክፍል በየሰፈሩ አጠገብ ሰው፣ አህያና ጋሪ ሲሄዱበት ይታያል። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያሉ የተተዉ ሐዲዶች ተጠርገው ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድነት ተለቀዋል፤ የአቃቂውን ሐዲድ መደብ ይዞ፣ ጣቢያውን፣ የራዲዮውን ስፍራና የአባ ሳሙኤልን ረግረግ በአንድ መንገድ ማያያዝ የሚቻል ነው፤ ሥራው መጀመር ያለበትም መደቡ ለሌላ አገልግሎት ከመሰጠቱ በፊት ዱካዎቹን በካርታ ላይ በማስፈር ነው።